ትሪ ሉሰርን፦ ከችግኝ ሪፖርት እስከ መኖ ገንዳ

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ኅዳር ሲገባ ሌሊቱ ይከብዳል። ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ዕለት ሜዳው ውርጭ ለብሶ ይነጋል፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል ነጩ ይጠፋና ከሥሩ የሚታየው ሣር በእሳት የተለበለበ ይመስላል። ገብሱና ባቄላው ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱና በጉ ማሳ ለማሳ እየዞረ ቃርሚያ ይለቅማል። ጥርና የካቲት ላይ ቃርሚያው ያልቃል። ያኔ አርሶ አደሩ ፊቱን ወደ ጭድ ክምሩ ያዞራል፤ ክምሩ እስከ ክረምት ይደርስ ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄም በየዓመቱ ይነሳል።

ሌላው ሁሉ በደረቀበት በዚህ ወቅት በአንዳንድ ጓሮዎች አጥር ሥር አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ቁጥቋጦ አለ። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የወጣ፣ አበባው ነጭና መዓዛው ከሩቅ የሚጣራ፣ ዘሩን እንደ አተር በሽፋን ውስጥ የሚይዝ ነው። ባለሙያዎች ትሪ ሉሰርን ይሉታል፤ ሉሰርን አልፋልፋ ማለት በመሆኑ የስሙ ትርጉም የዛፍ አልፋልፋ ነው። ከባቄላ፣ ከአተርና ከሽምብራ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። አውሮፓ ውስጥ ያሉት የቅርብ ዘመዶቹ የሚተከሉት ለአበባቸው ውበት ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ግቢ ያስጌጣል። ለደጋው አርሶ አደር ግን ዋናው ጉዳይ አበባው ሳይሆን ቅጠሉ ነው።

ቁጥቋጦው ለአገራችን ደጋ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአራተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት አማካይነት ለደጋው ከተመረጡት የመኖ ተክሎች አንዱ ነበር፤ ሆለታን የመሳሰሉ የምርምር ማዕከላትም ሲሞክሩት ቆይተዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ይመራ የነበረው አፍሪካ ራይዚንግ የተባለ ፕሮግራም በሰሜን ሸዋ ባሶና ወራና፣ በሐዲያ ሌሞ፣ በትግራይ እንዳመኾኒና በባሌ ሲናና ወረዳዎች ከአርሶ አደሮች ጋር ሠርቶበታል። ያም ሆኖ በኢትዮጵያ እንስሳት ከሚመገቡት መኖ ውስጥ የተሻሻለ መኖ የሚባለው ሁሉ ተደምሮ ከ1 በመቶ በታች መሆኑን የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ቀሪው ግጦሽ፣ ጭድና ገለባ፣ ድርቆሽ፣ እንዲሁም እንደ ፉሩሽካና ፋጉሎ ያለው ተረፈ ምርት ነው።

ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ተክል በየጓሮው ያልተገኘበት ምክንያት ጥቅሙ ስላልታወቀ ነው ማለት ያስቸግራል። ችግኙ በየክረምቱ ይፈላል፣ ይከፋፈላል፣ ይተከላል፣ ሪፖርትም ይደረጋል። ሪፖርቱ ግን በአብዛኛው ሐምሌ ላይ ያቆማል፤ የተክሉ ፈተና የሚጀምረው ደግሞ መስከረም ላይ ነው።

ጭዱን የሚያስበላ ቅጠል

ጥቅሙን ለመረዳት ትንሽ ስሌት ይበቃል። የገብስ ጭድ በደረቅ ክብደቱ ሲለካ የፕሮቲን መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። በእንስሳው ጨጓራ ውስጥ ጭዱን የሚያብላሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን በወጉ እንዲሠሩ ግን መኖው ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህል ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። ከዚህ ሲያንስ ጭዱ ቶሎ አይብላላም፤ ሆዱ እንደሞላ ስለሚቆይም እንስሳው ተጨማሪ ለመብላት ቦታ አይኖረውም። ክምር ጭድ ፊቱ እያለ የሚከሳ በሬ ወይም በግ ነገሩ እንዲህ ነው። የትሪ ሉሰርን ቅጠልና ለጋ ቅርንጫፍ በአንጻሩ ከ20 እስከ 25 በመቶ ፕሮቲን ይይዛል።

በቀን 700 ግራም ደረቅ መኖ የምትበላ አንዲት የመንዝ በግ ለምሳሌ እንውሰድ። መኖዋ በሙሉ ጭድ ቢሆንና ጭዱ 4 በመቶ ፕሮቲን ቢኖረው የምታገኘው 28 ግራም ፕሮቲን ነው። ከ700 ግራሙ 200 ግራም ያህሉ በደረቀ የትሪ ሉሰርን ቅጠል ቢተካ፣ ከ500 ግራም ጭድ 20 ግራም፣ ከቅጠሉ ደግሞ ቢያንስ 40 ግራም፣ በድምሩ 60 ግራም ይሆናል። የመኖው የፕሮቲን መጠን ከ4 በመቶ ወደ 8 ተኩል ገደማ ከፍ አለ ማለት ነው። ቅጠሉ ራሱ ከሚሰጠው ምግብ ባሻገር ጭዱንም ያስበላል። ፋጉሎና ፉሩሽካ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እነርሱ በገንዘብ የሚገዙ፣ ይኼኛው ከጓሮ የሚቆረጥ መሆኑ ነው።

ከጥር እስከ መጋቢት ላሉት 90 ቀናት በቀን 200 ግራም ሲታሰብ ለአንዲት በግ 18 ኪሎ ግራም፣ ለአምስት በጎች 90 ኪሎ ግራም ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋል። ይህን ለማግኘት ስንት እግር ተክል ይበቃል ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም ቦታ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም፤ አፈሩ፣ ዝናቡና እንክብካቤው ይወስነዋል። አስተማማኙ መንገድ ሁለት ሦስት እግር ቆርጦ ቅጠሉን አድርቆ መመዘን ነው። የወረዳ ባለሙያዎች ይህንን በየቀበሌው በጥቂት አርሶ አደሮች ጓሮ ቢሠሩት፣ ለአንድ ቤተሰብ ስንት ችግኝ ይሰጥ የሚለው በግምት የሚወሰን አይሆንም።

ውኃ የሚተኛበት ቦታ አይስማማውም

የትሪ ሉሰርን የትውልድ ቦታ የስፔን ግዛት በሆኑት የካናሪ ደሴቶች የምትገኘው ላ ፓልማ ናት። የደሴቲቱ ሰዎች ታጋሳስተ ይሉታል። ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረው ቁልቁለታማ መሬት ላይ እየቆረጡ ለፍየልና ለላም ማብላት የቆየ ልማዳቸው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፔሬዝ የተባሉ የደሴቲቱ ሐኪም ስለተክሉ መኖነት ብዙ ደከሙ፤ ዘሩ በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ደረሰ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ተሻገረ። በምዕራብ አውስትራሊያ ግን በሰፊው የተተከለው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው። ሌላ መኖ በማይበቅልበት ለም ያልሆነ አሸዋማ መሬት ላይ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ሄክታር ለምቶ ከብት ይግጠዋል።

ገደላማዋ ደሴትና ሜዳማው የአውስትራሊያ አሸዋ በመልክ አይገናኙም። አፈሩ ግን በሁለቱም ዘንድ ውኃ አያቁርም። ትሪ ሉሰርን ሥሩን ወደ ታች እስከ 10 ሜትር ሊሰድ የሚችል፣ ድርቅና ብርድ የሚቋቋም፣ ጎምዛዛ አፈርንም የሚታገሥ ተክል ነው። ሥሩ ውኃ ውስጥ ከቆየ ግን ይበሰብሳል፤ አድጎ ጠንክሯል የተባለው እንኳ በአንድ ክረምት ሊደርቅ ይችላል።

በደጋችን ብዙ ቀበሌ ዳገትም ረባዳም አለው። ዳገቱ ውኃ የሚያሳልፍ ቀይ ወይም ቡናማ አፈር ሲሆን ረባዳው ነሐሴ ላይ ውኃ የሚተኛበት ዋልካ ነው። ችግኝ ለየቀበሌው እኩል ሲደለደል፣ ቀበሌውም ለየአባወራው እኩል ሲያካፍል፣ በዋልካው ላይ ያለው አርሶ አደር የተቀበለው ችግኝ ገና ከመተከሉ ዕጣው ታውቋል። በማግሥቱ ዓመት እንደገና ቢሰጠው ለመትከል ባይጓጓ አይፈረድበትም። ቦታውን ለመለየት ውድ ምርመራ አያስፈልግም፤ በነሐሴ ግማሽ ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍሮ፣ የገባበት ውኃ በማግሥቱ መኖር አለመኖሩን ማየት ይበቃል። ረባዳ ላይ ለሚኖሩ አርሶ አደሮች ከፍ ያለ መደብ ወይም የእርከን ጠርዝ ካልተገኘ ሌላ የመኖ ዓይነት ማቅረብ ይሻላል። ከፍታም እንዲሁ ይታያል። ትሪ ሉሰርን የሚስማማው በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ እስከ 3 ሺህ ሜትር ባለው ቦታ ነው፤ ወደ ቆላ ሲወረድ ሰስባንያና ሉኪኒያ ይበልጡታል።

ዘሩ ድንጋይ ነው

ከችግኝ ጣቢያ የሚሰማው የተለመደ ቅሬታ ዘሩ አልበቀለም የሚል ነው። የዘሩ ሽፋን እጅግ ጠንካራ በመሆኑ እንዲያው ከተዘራ ጥቂቱ ብቻ ይበቅልና ቀሪው አፈር ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። መፍትሔው ውኃ አፍልቶ ከእሳት ማውረድ፣ ዘሩን መጨመርና ውኃው እስኪቀዘቅዝ መተው ነው። ውኃ ጠጥቶ ያበጠው ዘር ለመዝራት ዝግጁ ነው፤ ያላበጠው እንደገና በፈላ ውኃ ይደገማል። ዘሩ ጥቂት ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ማድረግም ይቻላል።

እንደ ሌሎቹ የጥራጥሬ ቤተሰብ ተክሎች ትሪ ሉሰርን ከአየር ናይትሮጅን የሚወስደው በሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ ነው። ለባክቴሪያው በላስቲክ የሚሞላው አፈር ውስጥ ከቆየ የትሪ ሉሰርን ተክል ሥር የተወሰደ ጥቂት አፈር መቀላቀል ይረዳል። ችግኙ ለተከላ እስኪደርስ ከአራት እስከ አምስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ክረምቱ ሲገባ ተተክሎ ውርጩ ከመድረሱ በፊት ሥሩን መያዝ አለበት፤ ያደገው ተክል ውርጭ ቢችልም ለጋው አይችልም። ዘግይቶ ተፈልቶ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚተከል ችግኝ ኅዳርን የማለፍ ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ከተተከለ በኋላ ያሉት ሁለት በጋዎች ወሳኝ ናቸው። ለእንስሳ የሚጣፍጥ ተክል ዋነኛ ጠላቱ ያው እንስሳ ነው። ባሕር ዛፍን በግ አይነካውም፤ ለዚህም ነው ካለ አጥር የሚጸድቀው። ትሪ ሉሰርንን ግን አንዲት ፍየል በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሳው ትሄዳለች። በአፍሪካ ራይዚንግ ወረዳዎች የተደረገው ክትትል ያሳየው ከዚህ የተለየ አይደለም፦ ጽድቀቱ የሚሻለው አጥር ባለበት፣ ፍግ በተደረገበት፣ በታረመበትና በበጋ ውኃ በተጠጣበት ነው። ይህ ሁሉ የሚገኘው ደግሞ ከቤት አጠገብ፣ ጓሮ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። የጓሮውን ችግኝ ውኃ የምታጠጣው፣ የታመመችውን በግ ቤት አስራ የምትቀልበው በአብዛኛው የቤቱ እመቤት ናት፤ ስለመኖ ልማት በሚሰጠው ሥልጠና ላይ የሚጠራው ግን አባወራው ነው። ችግኙን የምትንከባከበው ሴት መቼ እንደሚቆረጥና እንዴት እንደሚበላ ካልሰማች፣ ሥልጠናው የተሰጠው ለሌላ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ልቅ ግጦሽ ባልቆመበት ቀበሌ ትሪ ሉሰርንን በተፋሰስ እርከን ላይ መትከል የእንስሳት ድግስ ማዘጋጀት ነው። በማኅበረሰቡ ደንብ ከብት አስሮ መቀለብ በተጀመረባቸው ተፋሰሶች ግን ነገሩ ይገለበጣል። የእርከኑን አፈር ይይዛል፣ የታሰረውንም ከብት ይመግባል። ስለዚህ ሰፋ ያለ ተከላ የሚቀድመው በደንቡ ላይ ከተስማሙት መንደሮች ቢሆን ይመረጣል፤ ለሌሎቹ ጓሮ ውስጥ በአጥር የሚጠበቅ ጥቂት እግር መስጠት ይሻላል።

አቆራረጡና አመጋገቡ

የጸደቀውንም ተክል የሚገድል የአቆራረጥ ስሕተት አለ። ተክሉ ሥሩን ሳያጠነክር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ሳያልፍ መቁረጥ አንዱ ነው፤ ከመጀመሪያው ዓመት በፊት ባይነካ ይመረጣል። ሁለተኛው ደግሞ እስከ ግንዱ ድረስ መላጨት ነው። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቁረጥና ቅጠል ያላቸው ጥቂት ቅርንጫፎችን መተው ተክሉ በፍጥነት እንዲያቆጠቁጥ ያደርገዋል። መሣሪያው የተሳለ መሆን አለበት፤ በደነዘ ማጭድ ልጡ ከተገፈፈ በሽታ ይገባበታል። ከቆረጡ በኋላ አገግሞ እስኪለመልም ወራት መጠበቅ ግድ ነው። በደንብ የተያዘ ተክል አሥርት ዓመታትን ይዘልቃል።

አንዳንድ አርሶ አደሮች በጋቸው ቅጠሉን አሽትታ እንደተወችው አይተው ተክሉን ነቅለው ጥለዋል። በተለይ በደረቅ ወቅት ቅጠሉ ውስጥ ጣዕሙን የሚያመሩ ንጥረ ነገሮች ይጨምራሉ፤ ትኩሱን ያልለመደ እንስሳ ሊሸሸው ይችላል። ቆርጦ አንድ ቀን ጥላ ላይ ማጠውለግ ይህን በእጅጉ ያቃልለዋል። መጀመሪያ በእፍኝ ከጭድ ጋር እያደባለቁ ማስለመድ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መጨመር ነው፤ ከዕለቱ ደረቅ መኖ ከሲሶ በላይ ማድረግ አያስፈልግም። ለጥርና ለየካቲት ማቆየት የፈለገ ደግሞ ቅርንጫፉን ሸራ ላይ ዘርግቶ በጥላ ያድርቅ፤ ሲደርቅ ቅጠሉ በራሱ ይረግፋል፣ በጆንያ ይቀመጣል። ቅጠሉ የረገፈለት እንጨት ምድጃ ውስጥ ይገባል።

ቀፎ ያለው ሰው ሁሉንም እግር ባይቆርጥ መልካም ነው። የተቆረጠ ተክል ወቅቱን ጠብቆ አያብብም፤ ንቦች ደግሞ አበባውን በጣም ይወዱታል። ዘርም የሚገኘው ካልተቆረጠው ነው። የዘሩ ሽፋን ደርቆ ሲጠቁር በፀሐይ ሙቀት ጠብ እያለ ይፈነዳና ዘሩን ይበትነዋል፤ ስለዚህ ሽፋኑ መጥቆር ሲጀምር ለቅሞ በጨርቅ ሸፍኖ ማስጣት ያስፈልጋል። አምስት ስድስት እግር ለዘር የተወ አርሶ አደር ለጎረቤቱም ይተርፋል፤ ወረዳውም የሌላ አካባቢ ዘር መጠበቅ ይቀርለታል።

ይኸው በራሱ የመበተን ጠባዩ ግን ሌላም ነገር ያስታውሳል። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ አንዳንድ ቦታዎች ከእርሻ አምልጦ በተፈጥሮ ደን ውስጥ አረም ሆኗል። እኛ ዘንድ በየጊዜው የሚቆረጥና የሚበላ ስለሆነ ስጋቱ ቅርብ አይመስልም። ሆኖም ከብት በማይገባበት የተከለለ ደን ውስጥ፣ ቆራጭ በሌለበት፣ ከወይራና ከጽድ ይልቅ እሱን መትከል ምክንያት የለውም። ቦታው ጓሮ፣ አጥርና የሚታጨድ እርከን ነው።

የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ የመቁጠር ልምድ በየወረዳው ዳብሯል፤ የጽድቀት ቆጠራም ይካሄዳል። ለመኖ ተክል ግን ጸደቀ ማለት ብቻውን አይበቃም። አጥር ሥር ቆሞ ማንም ያልቆረጠው ትሪ ሉሰርን በቆጠራው ላይ እንደጸደቀ ይመዘገባል፤ በጉ ግን አሁንም ጭድ ብቻ እየበላ ነው። የቀበሌው ባለሙያ የካቲት ላይ ሲዞር ሁለት ነገሮችን ቢጠይቅ የተሻለ መረጃ ይዞ ይመለሳል፦ ዘንድሮ ስንት እግር ተቆረጠ? ለየትኛው እንስሳ ተሰጠ? መልሱ ዜሮ በሆነበት ቤት ችግሩ አፈሩ ይሁን፣ አጥሩ፣ ወይስ አለማወቅ እዚያው ቆሞ ማየት ይቻላል። ወረዳውም ለቀጣዩ ዓመት የሚያፈላውን ችግኝ መጠን የሚወስነው ከዚህ ተነስቶ ይሆናል።

ለመጪው ሐምሌ የሚደርስ ችግኝ፣ ዘሩ በፈላ ውኃ ተነክሮ መደብ መግባት ያለበት ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው።